የቤት መግዣችንን ፋይል ለየትኛው ሶሊሲተር እንስጥ?

ጥያቄ፦

«በደቡብ ለንደን የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ከስምንት ዓመት ኪራይ በኋላ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ በ365,000 ፓውንድ ለመግዛት ያቀረብነው ዋጋ ባለፈው ሳምንት ተቀባይነት አገኘ። ቤቱ ሊዝሆልድ (መሬቱ የሌላ ሆኖ ለተወሰኑ ዓመታት በውል የሚያዝ) ነው። ኤጀንቱ እስከ ሰኞ የሶሊሲተራችሁን (የግዢውን ሕጋዊ ሥራ የሚይዝላችሁን የሕግ ባለሙያ) ስም አሳውቁኝ እያለ ይወተውተናል። ሦስት ምርጫ አለን። አንደኛው ኤጀንቱ ራሱ የጠቆመን፣ በኢንተርኔት የሚሠራና 799 ፓውንድ የሚያስከፍል ድርጅት ነው። ሁለተኛው በቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሐበሻ ጠበቃ ናቸው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳያችንን የጨረሱልን እሳቸው ናቸው። ሦስተኛው ሰፈራችን ያለ ቢሮ ሲሆን 1,650 ፓውንድ ይላል። ሁሉም ቫት ሳይጨምር ነው፤ የዋጋ ዝርዝራቸውን አያይዣለሁ። ‹ላይሰንስድ ኮንቬያንሰር› የሚባለውስ ከሶሊሲተር ያንሳል? ለቅድሚያ ክፍያው 12,000 ፓውንድ ከዕቁብ ደርሶናል፣ 15,000 ወንድሜ ከአሜሪካ ይሰጠናል፣ የቀረው የራሳችን ቁጠባ ነው። የዕቁቡ ጸሐፊ በቅርቡ አገር ቤት ሊሄዱ ነውና ከእሳቸው የሚያስፈልግ ነገር ይኖራል? ባለቤቴ ከጋብቻችን በፊት በዕጣ የደረሰው ኮንዶሚኒየም አዲስ አበባ አለው፤ እሱን ሸጠን ከመጨመር ይልቅ ማከራየቱን መርጠናል።»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔ ያረፈው በዋናው ጥያቄዎ ላይ ሳይሆን መጨረሻ ላይ እግረ መንገድዎን በጠቀሱት በባለቤትዎ ኮንዶሚኒየም ላይ ነው። ከሦስቱ ቢሮዎች የትኛው ይሻላል የሚለውን ከመመለሴ በፊት ከእሱ እጀምራለሁ። ሶሊሲተር የሚመረጠው በደፈናው ጎበዝ ነው ተብሎ ሳይሆን የቀረበለትን ፋይል ይችለዋል ወይ ተብሎ ነው፤ የእናንተ ፋይል ደግሞ ኤጀንቱ እንደሚያስበው ቀላል አይደለም።

በእንግሊዝ ቤት የሚገዛ ሰው ስታምፕ ዲዩቲ የሚባለውን ግብር ይከፍላል። ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ወዲህ ባለው ስሌት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው እስከ 300,000 ፓውንድ ድረስ ምንም አይከፍልም፤ ከዚያ በላይ እስከ 500,000 ባለው ላይ 5 በመቶ ይከፍላል። በዚህ ስሌት ብትስተናገዱ ኖሮ የሚጠበቅባችሁ 3,250 ፓውንድ ብቻ ነበር። ነገር ግን ሕጉ የመጀመሪያ ገዢ የሚለው በየትኛውም የዓለም ክፍል መኖሪያ ቤት ኖሮት የማያውቀውን ሰው ነው፤ ሁለት ሰዎች አብረው ሲገዙም ሁለቱም እንዲህ መሆን አለባቸው። የአዲስ አበባው ኮንዶሚኒየም ይህን ቅናሽ ያስቀርና በመደበኛው ስሌት 8,250 ፓውንድ ይመጣል። ነገሩ በዚህም አያበቃም። ግዢው በሚጠናቀቅበት ዕለት 40,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ሌላ ቤት ያለው ሰው፣ ቤቱ የሚገኘው በውጭ አገር ቢሆንም እንኳ፣ በጠቅላላው ዋጋ ላይ 5 በመቶ ተጨማሪ ይጣልበታል። ይህ በእናንተ ቤት ላይ 18,250 ፓውንድ ነው፤ ከመደበኛው ጋር ሲደመር 26,500 ይሆናል። «እንግዲያውስ በእኔ ስም ብቻ ልግዛው» የሚል ሐሳብ ቶሎ ይመጣልና አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ለዚህ ተጨማሪ ግብር ሲባል አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት የሚታዩት እንደ አንድ ገዢ ነው።

እንግዲህ ኮንዶሚኒየሙ ዛሬ ቢሸጥ በፓውንድ ተመንዝሮ ከ40,000 በላይ ያወጣል ወይስ በታች የሚለው የ18,250 ፓውንድ ጥያቄ ነው። በብር የሚታወቅ ዋጋ በፓውንድ ስንት እንደሚሆን ከወር ወር ስለሚለዋወጥ፣ በግምት ሳይሆን በማስረጃ መመለስ አለበት። «ሸጠን ከመጨመር ማከራየቱን መርጠናል» ያሉትንም ውሳኔ ይህን ካወቃችሁ በኋላ ደግማችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ለሦስቱም ቢሮዎች መጀመሪያ የሚቀርበው ጥያቄ ስለዚህ ይህ ነው፦ «ባለቤቴ በኢትዮጵያ ቤት አለው፤ የስታምፕ ዲዩቲውን ስሌት እናንተ ታማክሩናላችሁ?» ብዙ ቢሮዎች በውላቸው ውስጥ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ገጽ ላይ፣ የግብር ምክር አንሰጥም የሚል መስመር ያስገባሉ። እንዲህ ማለታቸው በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ቅጹን እንደ መጀመሪያ ገዢ ሞልተው ልከውላችሁ ከዓመት በኋላ የግብር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሲመጣ ተጠያቂው እናንተ መሆናችሁ ነው። ቅጹ ግዢው በተጠናቀቀ በ14 ቀን ውስጥ የሚገባ ሲሆን የሚሞላው ሶሊሲተሩ ቢሆንም ኃላፊነቱ የገዢው ነው።

አገር ቤት ቤት ሲሸጥ ሻጭና ገዢ ውልና ማስረጃ ሄደው በሹም ፊት ይፈርማሉ፤ ዕዳና እግድ መኖር አለመኖሩም በመሥሪያ ቤቶች በኩል ይጣራል። እዚህ እንዲህ ያለ መስኮት የለም። የገዢና የሻጭ ሶሊሲተሮች በደብዳቤ እየተጠያየቁ ያጣራሉ፣ ውሉን ይለዋወጣሉ፣ ገንዘቡን ያስተላልፋሉ፣ በመጨረሻም ስማችሁን በላንድ ሬጂስትሪ (በመሬትና ቤት ባለቤትነት መዝገብ ቤት) ያስመዘግባሉ። ኤክስቼንጅ የሚባለው የውል ልውውጥ እስኪደረግ ድረስ ማንም በምንም አይታሰርም፤ ሻጩም የተሻለ ዋጋ ካገኘ ሊተዋችሁ ይችላል። ከልውውጡ በኋላ ግን ወደኋላ ብትሉ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱን ዋጋ 10 በመቶ የሚሆነውን ዲፖዚት፣ ማለትም 36,500 ፓውንድ፣ ታጣላችሁ። ስለዚህ ሶሊሲተር የሚከፈለው በዋናነት ከዚያች ቀን በፊት ለሚያነበውና ለሚጠይቀው ነገር ነው ማለት ይቻላል።

ላይሰንስድ ኮንቬያንሰር ከሶሊሲተር ያንሳል ወይ ላሉት፣ ለዚህ ሥራ አያንስም። ተቆጣጣሪያቸው ይለያያል፤ ሶሊሲተሮችን ሶሊሲተርስ ሬጉሌሽን ኦቶሪቲ፣ ኮንቬያንሰሮችን ደግሞ ካውንስል ፎር ላይሰንስድ ኮንቬያንሰርስ ይቆጣጠራቸዋል። ሁለቱም መድን እንዲኖራቸው ይገደዳሉ። ኮንቬያንሰር የተማረውና የሚሠራው በዋናነት የቤትና የመሬት ዝውውርን ስለሆነ፣ ጉዳዩ ወደ ፍቺ ወይም ወደ ውርስ ክርክር ካልዞረ በስተቀር፣ አንዳንዱ ከጠቅላላ ሶሊሲተር ይልቅ እጁ የፈታ ነው። ማንኛቸውንም ከመያዝዎ በፊት ስማቸውን በተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ ፈልገው ያረጋግጡ፤ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። የሶሊሲተሮች ማኅበር የሆነው ሎው ሶሳይቲ ለቤት ዝውውር ሥራ የሚሰጠው ኮንቬያንሲንግ ኳሊቲ ስኪም የሚባል ዕውቅናም አለ፤ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም።

በእኛ ቋንቋ ሶሊሲተሩም፣ ፍርድ ቤት የሚከራከረው ባሪስተሩም፣ የኢሚግሬሽን ቅጽ የሚሞላው አማካሪም በአንድ ቃል «ጠበቃ» ይባላሉ፤ ማኅበረሰባችን ውስጥ ብዙ ስህተት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የቤት ዝውውር ሰነድ በክፍያ ማዘጋጀት በሕግ ፈቃድ ላላቸው ብቻ የተተወ ሥራ ነው፤ የኢሚግሬሽን አማካሪ ሊሠራው አይችልም። የቤተ ክርስቲያን ወዳጃችሁ ሙሉ ሶሊሲተር ከሆኑ ፈቃዱ አላቸው፤ ግን ባለፈው ዓመት ስንት ሊዝሆልድ ቤት እንዳዛወሩ በአክብሮት ይጠይቋቸው። ከዚያም ቢሯቸው ሞርጌጅ በሚሰጣችሁ ባንክ ፓነል ውስጥ እንዳለ ይጠይቁ። አበዳሪው የራሱን ጥቅም የሚያስጠብቅለት ሶሊሲተር ስለሚፈልግና አብዛኛውን ጊዜ የእናንተኑ ስለሚጠቀም፣ የሚያምናቸውን ቢሮዎች ስም ዝርዝር ይይዛል። ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ሰው ከያዛችሁ ባንኩ ሌላ ያቆማል፤ ወጪውም መዘግየቱም የእናንተ ነው። ይሉኝታ ይዞን «እሳቸውን ትተን ወዴት እንሄዳለን» ማለታችን የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ቅን የሆነ ባለሙያ ሥራው ያልሆነውን ጉዳይ ወደ ሌላ ሲልክ ቅር አይለውም።

ወደ ኤጀንቱ ሰው እንምጣ። ኤጀንቶች ደንበኛ ለላኩበት ኮሚሽን ማግኘታቸው የተለመደ ነው፤ ይህንን ግን ሊነግሯችሁ ይገባል። ስንት እንደሚከፈለው ይጠይቁት። የእሱን ሰው ካልያዛችሁ ዋጋችሁን ለሻጩ አላቀርብም ወይም ቤቱን ለሌላ አሳያለሁ ማለት ደግሞ የተከለከለ ነው። ከዚህ በላይ የሚያስተምረው ግን ያያያዙት ዝርዝር ነው። 799 የሚለው ቁጥር ከላይ በትልቁ ተጽፏል። ዝቅ ሲሉ ሊዝሆልድ በመሆኑ 395፣ ሞርጌጅ በመኖሩ 150፣ ስጦታ ለማጣራት 85፣ የስታምፕ ዲዩቲ ቅጽ ለመሙላት 95፣ ገንዘብ በቻፕስ (በዚያው ቀን በሚደርስ የባንክ ዝውውር) ለማስተላለፍ 40 ይላል። ድምሩ 1,564 ነው፤ 20 በመቶ ቫት ሲጨመር 1,876 ከ80 ሳንቲም ይሆናል። የሰፈራችሁ ቢሮ 1,650 እነዚህን ሁሉ ያጠቃለለ መሆኑን ጽፏል፤ ከቫት ጋር 1,980 ነው። ከስምንት መቶ ፓውንድ በላይ የመሰለው ልዩነት ወደ መቶ ፓውንድ ገደማ ወረደ ማለት ነው። ለማዘጋጃ ቤት፣ ለውኃና ፍሳሽ፣ ለአካባቢ ሁኔታ ሰርች (ስለ ቤቱ ከየመሥሪያ ቤቱ ለሚጠየቅ ማጣሪያ) የሚከፈለው እንዲሁም የላንድ ሬጂስትሪው ክፍያ ለሌሎች ወገኖች የሚሄድ ስለሆነ በሁሉም ዘንድ ተቀራራቢ ነው። «ግዢው ካልተሳካ ክፍያ የለም» የሚለው ማስታወቂያም የሚመለከተው የራሳቸውን የአገልግሎት ዋጋ ነው፤ ለሰርች የወጣው አይመለስም።

ቢሮው ቅርብ መሆን አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ የቀድሞ ክብደቱ የለውም፤ ሰነዱ በኢሜይልና በፖስታ ይሄዳል። ከቅርበት ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ፋይሉን በእጁ የሚይዘው ሰው ማን ነው የሚለው ነው። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ቤት ስገዛ ቁልፍ የምረከብበት ቀን ዓርብ ነበር። የጭነት መኪናው ፍራሹንና ማቀዝቀዣውን ጭኖ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ጀምሮ አዲሱ ቤት ደጃፍ ቆሟል። ፋይሌን የያዘችው ሴት ለካ ከሐሙስ ጀምሮ እረፍት ወጥታለች፤ ስልኩን ያነሳው ልጅ ስሜን ሦስት ጊዜ አስደገመኝና «ሲስተሙ ላይ እያየሁ ነው» አለኝ። ከባንኩ የመጣው ገንዘብ በጠዋቱ ሒሳባቸው ውስጥ ገብቶ ተኝቷል፤ ወደ ሻጩ ሶሊሲተር የሚያሻግረው ሰው ግን አልነበረም። ሰዓቱ አለፈና ሰኞ ተባልን። ሹፌሩ ዕቃውን ጎረቤት ጋራዥ ውስጥ አራግፎ ሄደ፤ እኛም ሦስት ሌሊት እህቴ ሳሎን ምንጣፍ ላይ አደርን። ያንን ቢሮ የመረጥኩት በርካሽነቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው፣ የሚሠራላችሁን ሰው ስም፣ ቀጥታ ስልኩን፣ እረፍት ሲወጣ የሚተካውን ሰው ስም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ ነው። ስሙን መናገር የማይችል ቢሮ፣ «ቡድናችን ያስተናግድዎታል» ብቻ የሚል ቢሮ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ።

ቤቱ ሊዝሆልድ በመሆኑ ሥራው ከፍሪሆልድ (ከነመሬቱ ለዘለቄታው ከሚያዝ ቤት) ይበዛል፣ ጊዜውም ይረዝማል። ሶሊሲተሩ ከሻጩ ወገን የሕንጻውን አስተዳዳሪ ሰነዶች ያስመጣል፤ እነዚህ እስኪመጡ ብቻ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። በሊዙ ላይ የቀሩት ዓመታት ስንት ናቸው? ከ80 በታች ከሆኑ ማራዘሚያው ይወደዳል፣ አንዳንድ ባንክም ፊቱን ያዞራል። ያለፉት ሦስት ዓመታት ሰርቪስ ቻርጅ (ለሕንጻው ጥገናና አስተዳደር የሚከፈለው) እንዴት ጨመረ? ጣሪያ ወይም ሊፍት ለመቀየር ታቅዶ ለነዋሪው የሚከፋፈል ዕዳ እየመጣ ይሆን? ግራውንድ ሬንቱ (ለመሬቱ ባለቤት የሚከፈለው ኪራይ) በየስንት ዓመቱ ይጨምራል? ከጁን 30 ቀን 2022 ወዲህ በሚፈረሙ አዳዲስ ሊዞች ላይ ግራውንድ ሬንት በአብዛኛው ቀርቷል፤ የእናንተ ግን ነባር ሕንጻ ከሆነ የድሮው ውል እንዳለ ይቀጥላል። በለንደን ግሬንፌል የተባለው ሕንጻ በ2017 ከተቃጠለ በኋላ ደግሞ የሕንጻው የውጭ ልባስና የእሳት ደህንነት ወረቀት ሳይታይ ባንክ ብድር የማይለቅበት ጊዜ አለ። ጥሩ ሶሊሲተር ይህን ሁሉ አንብቦ በሚገባ ቋንቋ ሪፖርት ይጽፍላችኋል፤ ሪፖርቱን ከኤክስቼንጅ ስንት ቀን ቀደም ብሎ እንደሚሰጣችሁ ይጠይቁት። የማታ ማታ ተልኮ በማግሥቱ ፈርሙ የሚባል ሪፖርት ለፋይል ማሟያ የተጻፈ ነው። ሶሊሲተሩ ቤቱን ሄዶ እንደማያይም አይዘንጉ፤ ግድግዳውን ለማስመርመር ሰርቬየር ለብቻው ይያዛል፤ ባንኩ የሚያስገምተው ግምት ደግሞ ለባንኩ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሕገ ወጥ ገንዘብን ለመከላከል በ2017 የወጣው ደንብ ሶሊሲተሩ የእያንዳንዱን ፓውንድ ምንጭ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል፤ ቢጠይቅ ስለተጠራጠራችሁ አይደለም። የወንድምዎ 15,000 ቀላሉ ነው። መታወቂያቸው፣ ገንዘቡ የወጣበት የባንክ መግለጫ፣ እንዲሁም ስጦታ መሆኑን፣ የማይመለስ መሆኑንና በቤቱ ላይ ድርሻ እንደማይጠይቁ የሚገልጽ የፈረሙበት ደብዳቤ ይበቃል። በልባቸው «ነገ ይመልሱልኛል» ብለው ከሆነ ግን ያ ብድር ነው፤ ለባንኩ መነገር አለበት። አንዳንድ አበዳሪዎች ከውጭ አገር የሚመጣ ስጦታን አይቀበሉምና የሞርጌጅ አማካሪያችሁን ዛሬውኑ ይጠይቁ።

ዕቁቡ የበለጠ ማብራሪያ ይፈልጋል። ብዙ ሰው እንግሊዞቹ አይገባቸውም ብሎ በመፍራት የዕቁብን ገንዘብ «የዘመድ ስጦታ» ብሎ ያስመዘግባል፤ ይህ ውሸት ነው፣ ሲታወቅ ደግሞ ሶሊሲተሩ ፋይሉን ይዘጋል። የለንደን ሶሊሲተር ሁሉ ለነገሩ እንግዳ አይደለም። ከካሪቢያን የመጡት «ፓርድነር»፣ ሶማሌዎቹ «ሃግባድ» ወይም «አዩቶ» የሚሉት ያው የእኛው ዕቁብ ነው። የሚያስፈልገው ሒሳቡን ማሳየት ነው፤ በየወሩ ስንት እንደጣላችሁ፣ ስንት አባላት እንዳሉ፣ ዕጣው መቼ እንደወጣላችሁና 12,000ው በምን መንገድ እንደገባ። በባንክ ስትጥሉ ከነበረ መግለጫው ራሱ ይናገራል። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ግን በየወሩ ከባንክ ያወጣችሁበትን ቀንና መጠን ከዕቁቡ መዝገብ ጋር አስተያይታችሁ አቅርቡ። ገንዘቡ ገና በእጃችሁ ካለ ትንሽ ትንሽ እየቆራረጡ ባንክ ማስገባት ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሶሊሲተሩ ፊት ጥሬ ገንዘብ ይዞ መቅረብም አይሆንም። ለሦስቱ ቢሮዎች የምታቀርቡት ሁለተኛ ጥያቄ «የዕቁብ ገንዘብ አስተናግዳችሁ ታውቃላችሁ? ምን ወረቀት ትጠይቃላችሁ?» የሚል ይሁን።

ስለ ኢሜይል አንድ ነገር ልጨምር። ቢሮውን እንደያዛችሁ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን በአካል ወይም በምታውቁት ስልክ ተቀብላችሁ በወረቀት ጻፉት። ከኤክስቼንጅ በፊት ባሉት ቀናት «ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከሶሊሲተራችሁ ስም ቢመጣ፣ አጻጻፉ ምንም ያህል ቢመስል፣ ሳንቲም አትላኩ፤ መጀመሪያ በጻፋችሁት ስልክ ደውሉ። በዚህ መንገድ የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። ቢሮው ራሱ ቢበድላችሁ አቤቱታው መጀመሪያ ለቢሮው ነው፤ በስምንት ሳምንት ውስጥ መፍትሔ ካልሰጠ ሊጋል ኦምቡድስማን ያለ ክፍያ ያየዋል።

ከላኩልኝ ወረቀት ተነስቼ ብፈርድ የምይዘው የሰፈራችሁን ቢሮ ነው፤ ለዚያውም የስታምፕ ዲዩቲውን ጥያቄ በቀጥታ ከመለሱ፣ ወይም ራሳቸው ባያማክሩ እንኳ የሚያማክር የግብር ባለሙያ ካሳዩአችሁና በባንካችሁ ፓነል ውስጥ ካሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ወዳጃችሁ ሪፖርቱ ሲመጣ ቡና ጠጥተው በአማርኛ ቢያብራሩላችሁ ትልቅ ውለታ ነው። ኤጀንቱ ያስቀመጠው ሰኞ የሕግ ቀነ ገደብ አይደለም፤ ስሙን የሚፈልገው የሽያጭ ማስታወሻ ለመጻፍ ነው፤ «ረቡዕ እናሳውቃለን» ቢሉት ቤቱ አይሄድባችሁም። የዕቁቡን ጸሐፊ ግን ለረቡዕ አያቆዩዋቸው። ከመሄዳቸው በፊት የአባላቱን ብዛት፣ የወሩን መዋጮና ዕጣው የወጣላችሁን ቀን የሚገልጽ አንድ ገጽ አስፈርሟቸው፣ የመታወቂያቸውን ቅጂም አብረው ያያይዙ፤ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ስልካቸው መቼ እንደሚነሳ እርስዎም እኔም አናውቅም።